ኦጋዴን 1969–70፦ የተከፈለበት መሣሪያ ለምን ቀረ? የሶቭየቱስ በየት ገባ?

ሰገነት (ክሩን የከፈተ)

የሶማሊያ ጦርነት በተነሳ ቁጥር ሁለት አባባል ይጋጫል። አንዱ «አሜሪካ ገንዘባችንን በልታ መሣሪያ ስለከለከለችን ነው ወደ ሞስኮ የሄድነው» ይላል። ሌላው «መንግሥቱ ቀድሞ ከሶቭየት ጋር ተፈራርሞ ነበር፣ አሜሪካንን ያባረረው ራሱ ነው» ይላል። ሁለቱም አፍ ሞልተው ነው የሚናገሩት። የቀኑን ቅደም ተከተል የሚያውቅ ካለ ያስቀምጥልን። ደግሞም የመጣው ዕቃ ምን ነበር፣ በየት ገባ፣ ከነበረን የአሜሪካ መሣሪያ ጋርስ እንዴት ተግባባ? የጀግና ክርክሩን ለሌላ ክር እንተወው።

መዝገብ አገላባጭ

ቀኑን ስትደረድረው ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። (ሁሉንም በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።)

ታኅሣሥ 5 ቀን 1969፦ ሞስኮ ላይ 100 ሚሊዮን ዶላር ግድም የሚገመት የመጀመሪያው የጦር መሣሪያ ውል ተፈረመ። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ የደርግ ሊቀመንበር ተፈሪ በንቲ ናቸው፤ የአሜሪካው ተመራጭ ፕሬዚዳንት ካርተርም ገና ቃለ መሐላ አልፈጸመም።

ጥር 26፦ ተፈሪ በንቲ ተገደሉ፣ መንግሥቱ ሥልጣኑን ጠቅልሎ ያዘ።

የካቲት 17፦ የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይረስ ቫንስ በሰብዓዊ መብት ምክንያት የኢትዮጵያ፣ የአርጀንቲናና የኡራጓይ ወታደራዊ እርዳታ እንደሚቀነስ አስታወቀ።

ሚያዝያ 15፦ ደርግ የአሥመራውን የቃኘው ጣቢያ (የአሜሪካ የሬዲዮ መገናኛ ሰፈር)፣ የወታደራዊ አማካሪዎቹን ቡድን፣ የማስታወቂያ ማዕከሉን፣ የአሥመራውን ቆንስላና የባሕር ኃይሉን የሕክምና ምርምር ጣቢያ ዝጉ አለ። የተሰጣቸው ጊዜ 4 ቀን ብቻ ነው። ዋሽንግተንም የቀረውን ጭነት አቆመች።

በዚያው ወር መጨረሻ መንግሥቱ ሞስኮ ነው። የተፈረመው ውል ከፊተኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ውሉ ከእገዳው ይቀድማል፣ ዕቃው ግን ከእገዳው በኋላ ነው የመጣው። ሰው የሚምታታው ውልንና ጭነትን አንድ አድርጎ ሲያይ ነው። ሞስኮ በታኅሣሥ ከፈረመች በኋላ ወራት ሙሉ እጇን ሰብስባ ቆይታለች። አዲስ አበባ ከአሜሪካ ጋር ፈጽሞ መቆራረጡን በዓይኗ ማየት ፈልጋ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቃኘውን ዘጋንባቸው ብለን የምንኩራራበት ጉዳይ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሊዘጉት የወሰኑት ነበር። የሳተላይት መገናኛና በሕንድ ውቅያኖስ ያለው የዲዬጎ ጋርሲያ ሰፈር ሥራውን ስለወሰዱት ጣቢያው በመስከረም 1970 እንደሚዘጋ ቀድመው ነግረው ነበር። ደርግ የመደራደሪያ ካርድ የመሰለው ወረቀት ዋጋው ቀድሞ ወድቆ ነበር ማለት ነው። ጃንሆይ በ1945 ሲፈርሙ ግን ያ ጣቢያ በእርግጥ ወርቅ ነበር።

ቁልፍ 13

«ገንዘባችንን በልታ» ለሚለው፦ ሁለት የተለያየ መንገድ አለ፣ አትቀላቅሉት። በእርዳታ የሚመጣው በየዓመቱ ከአሜሪካ ምክር ቤት በጀት የሚመደብ ነው። ቫንስ የቀነሰው ይሄንን ነው። ሌላው በጥሬ ገንዘብ ወይም በብድር የሚገዛው ነው። ከአብዮቱ በኋላ አሜሪካ ከእርዳታ ይልቅ ወደ ሽያጭ አዘንብላ ስለነበር ትልልቁ ዕቃ በዚህኛው መንገድ ነበር የሚመጣው።

የሽያጩ ሰነድ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አንቀጽ አለች፤ የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ ጥቅሜ ይጠይቃል ካለ ውሉን በሙሉም ሆነ በከፊል ሊያግድ ይችላል። ገዢ ሁሉ ይፈርማታል፣ ማንም አያነባትም። ከታዘዙት 16 ኤፍ-5ኢ አውሮፕላኖች የደረሱት 8 ብቻ የሆኑት በዚህ ነው። ሕገ ወጥ ነው ብሎ የሚከስ አካል የለም፣ ፈርመህበታልና።

ሰገነት

እሺ ገባኝ። ታዲያ በ8 አውሮፕላን ነው የሶማሊያን አየር ኃይል ያቆሙት? እነሱ የሶቭየት ተዋጊ ጄት ሚግ-21 ነበራቸው እኮ።

ክንፈ ብረት

8ቱ ብቻ አይደሉም፤ የቆዩ ኤፍ-5ኤ፣ ኤፍ-86 እና ካንቤራ ቦምብ ጣዮችም ነበሩ። በአየር ውጊያ የሠራው ግን በአብዛኛው ኤፍ-5ኢ ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሰው ግን ሁሌ «አብራሪዎቻችን ጎበዝ ነበሩ» ብሎ ያልፈዋል። ጎበዝ ነበሩ። ግን ጉብዝናቸው የሚሠራው የምድር መሪ ሲኖር ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ያገኘቻቸው ተንቀሳቃሽ ራዳሮች ነበሯት። ጠላት ከየት አቅጣጫ፣ በምን ከፍታ እንደሚመጣ ለአብራሪው ከምድር ይነገረዋል። ነዳጁን ፍለጋ ላይ አይጨርስም።

ሁለተኛ፣ ሚሳኤሉ። ኤፍ-5ኢ በሁለቱ ክንፎች ጫፍ ላይ አንድ አንድ ሳይድዋይንደር ይይዛል። የሚግ-21ዱ ኬ-13 ከዚያው ከሳይድዋይንደር የመጀመሪያ ዓይነት የተቀዳ ነው፤ ስለዚህ አንድ አባት ያላቸው ሁለት ልጆች ናቸው የተታኮሱት፤ የእኛው ታናሽየው ነው፣ የተሻሻለው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አውሮፕላኑ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ መብረሩ ሌላ። ኤፍ-5ኢ ሁለት ጄ-85 ሞተር አለው። በጦርነት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ስታስነሳው መጀመሪያ የሚያልቀው ሞተሩ አይደለም። ጎማ ነው፣ የፍሬን ሸክላ ነው፣ ባትሪ ነው፣ ማኅተምና ጎሚኒ ነው። ከዚያ ደግሞ የአብራሪውን መቀመጫ የሚያስፈነጥረው ባሩድ አለ። የተወሰነ ዕድሜ አለው፤ ቀኑ ካለፈ አውሮፕላኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መሬት ላይ ይውላል። አሜሪካ ጭነት ካቆመች በኋላ ደብረ ዘይት ላይ የነበረው ጭንቀት እንዲህ ያለው ነው። አንዱን አውሮፕላን ገፎ ሌላውን ማስነሳት የሚባለው ሥራ ለጥቂት ወራት ያዋጣል፣ ከዚያ ቁጥሩን ይበላዋል።

ይሄን ቀዳዳ የደፈነው እስራኤል ነው።

ጎንደሬው

እስራኤል ከሶቭየት ጋር አንድ ጎን? ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሆነው?

መዝገብ አገላባጭ

ሆኗል። በ1966 ግንኙነት ቢቋረጥም እስራኤል ቀይ ባሕር በሙሉ በአረብ አገሮች እጅ እንዳይገባ ትፈልግ ነበር። መለዋወጫና ጥይት በምስጢር ይመጣል፣ መንግሥቱም ከሞስኮ ጋር እየተቃቀፈ ዓይኑን ይጨፍናል። የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤጊን በምትኩ የጠየቀው ቤተ እስራኤላውያን እንዲወጡ ነው። በነሐሴ 1969 እና በታኅሣሥ 1970 መሣሪያ አራግፈው በሚመለሱ አውሮፕላኖች በሁለት ዙር 120 ግድም ሰው ወጣ። እስራኤል ያሉ ቤተሰቦች ስለ መጀመሪያዎቹ በረራዎች ሲያወሩ የሚያነሱት ይሄንን ነው።

ከዚያ ጥር 29 ቀን 1970 የእስራኤሉ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን ዙሪክ ላይ ለጋዜጠኞች «አዎ፣ ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንሸጣለን» አለ። ዝም ቢል ምን ነበረበት? መንግሥቱ በአረቦቹም በሶቭየቱም ፊት ሊክደው የማይችለው ነገር ሆነበት፣ እስራኤላውያኑን አስወጣ። የመለዋወጫውም የሰዎቹም መስመር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተዘጋ።

ብረት ምጣድ

የመለዋወጫው ጉዳይ ልክ ነው፣ ግን ወሬውን አውሮፕላን ላይ ብቻ አታስቀሩት። ጅጅጋ መስከረም 2 ቀን 1970 የወደቀችው አየሩ በእኛ እጅ እያለ ነው። አየር ኃይል ብቻውን ከተማ አይዝም። ሶማሊያ በጊዜው 250 ግድም ታንክ ነበራት፣ የእኛ ጦር ትልቁ ክፍል ኤርትራ ነው፣ ሐረር ያለው 3ኛ ክፍለ ጦር ሳሳ። ድሬዳዋ በነሐሴ መያዝ ሲገባት ያልተያዘችው ለጥቂት ነው።

አሁን ሰገነት የጠየቀው «እንዴት ተግባባ» የሚለው ላይ ልምጣ፤ በጦርነቱ ታሪክ ውስጥ ማንም የማይጽፈው ይሄን ነው። በ1970 መጀመሪያ ላይ አንድ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ የሚያስተዳድረውን የጥይት ዓይነት አስቡ።

የታንክ፦ ኤም-41 በ76 ሚሊ ሜትር፣ ኤም-47 በ90፣ ኤም-60 በ105። በላዩ ላይ ቲ-34 በ85፣ ቲ-55 በ100፣ በኋላም ቲ-62 በ115። ስድስት መድፍ፣ ስድስት የማይቀላቀል ጥይት።

የእግረኛ፦ የአሜሪካው ኤም-1 እና ኤም-14 ጠመንጃ ሁለቱም በኢንች ስትለካቸው 0.30 ናቸው፣ ግን የአንዱ ጥይት ሌላው ውስጥ አይገባም። የክላሹ ደግሞ 7.62 ነው፣ የኤም-14ቱም 7.62 ነው፣ የቀለሃው ርዝመት ግን 39 እና 51 ሚሊ ሜትር ነው። ሳጥኑ ላይ «7.62» ብቻ ተጽፎ ከተላከ ግንባር ላይ የማይገባ ጥይት ይዞ የሚቀመጥ ሻምበል ይኖራል።

መፍትሔው መሣሪያውን ማዋሃድ አልነበረም፤ አይዋሃድም። አንዱን ክፍል በአሜሪካ፣ ሌላውን ሙሉ በሙሉ በሶቭየት ማስታጠቅ ነው። ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ የድሮ ልማድ ስለሌለው በቀጥታ በአዲሱ ሊታጠቅ ይችላል። ለዓመታት ኤም-41 የነዳ የታንክ አዛዥ ግን ቲ-55 ስትሰጠው መለኪያው በሜትር፣ ጽሑፉ በሩሲያኛ፣ የሬዲዮው ድግግሞሽ ሌላ ነው። ለዚህ ነው የደቡብ የመንና የኩባ የታንክ ሠራተኞች ከታንኩ ጋር አብረው የመጡት። ሠራተኛ የሌለው ታንክ ብረት ነው።

ሰገነት

ኧረ ይሄ ነው የፈለግኩት። የገባበት መንገድስ?

አሰብ መንገድ

ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ጋዜጣ ግን ያወሳስበዋል። ከኅዳር 1970 አጋማሽ ጀምሮ ሶቭየት የአየር ድልድይ ዘረጋች። ምዕራባውያኑ 225 ግድም የጭነት አውሮፕላን ተሳትፏል ብለው ገምተዋል። አሁን አውሮፕላኑ ምን እንደሚይዝ ተመልከቱ። አንቶኖቭ-12 በ20 ቶን ግድም፣ ኢሊዩሺን-76 በ40፣ አንቶኖቭ-22 በ80። ቲ-55 አንዱ 36 ቶን ነው። ስለዚህ አንቶኖቭ-12 ታንክ አይሸከምም፤ 22ቱ ይሸከማል፣ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ግን ቁጥሩ ጥቂት ነው። በአየር የሚመጣው ጥይት፣ ቀላል መድፍ፣ መገናኛ፣ መለዋወጫና ሰው ነው። ቀሪው ክብደት በመርከብ ነው።

መርከቡ ከጥቁር ባሕር ተነስቶ፣ በቦስፎረስ አልፎ፣ በስዊዝ ይገባል። ስዊዝ በ1967 ባይከፈት ኖሮ አፍሪካን መዞር ነበር፣ ጦርነቱም አይጠብቅም። ጉዞው ከ8 እስከ 10 ቀን ነው። መድረሻው? ጅቡቲ አይሆንም፤ ባቡሩ ድልድዩ ተሰብሮ ተቆርጧል። ምጽዋ በኤርትራ አማፅያን ተከባለች። የቀረው አሰብ ብቻ ነው። አንድ ወደብ፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ 880 ኪሎ ሜትር ግድም አስፋልት።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መርከቡ የሚያራግፍበት ፍጥነት ከመንገዱ ይበልጣል። ወደቡ ላይ ዕቃ ይቆለላል፣ ታንኩ አለ፣ ማጓጓዣ ተጎታቹ የለም። ታንክን በራሱ ሰንሰለት 880 ኪሎ ሜትር ብትነዳው ግንባር ሲደርስ ሰንሰለቱ አልቋል፣ አስፋልቱንም አርሶታል። «ለምን በጥቅምት አልተጠቃም?» ለሚሉ፣ የሚጠቃበት ነገር አሰብና መንገድ ላይ ነበር።

ብረት ምጣድ

ልጨምርበት፤ ሶቭየቶች ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭን ልከው ነበር፣ ኩባ ደግሞ አርናልዶ ኦቾዋን። የካቲት ላይ ከጅጅጋ በፊት ያለውን የካራማራ ተራራ ፊት ለፊት ከመግጠም በስተሰሜን ዞረው መጡበት። ማርዳ በርን የያዘው የሶማሊያ ጦር ታንክ በዚያ ተራራ ያልፋል ብሎ አልጠበቀም። ሚ-6 ሄሊኮፕተር 12 ቶን ግድም ያነሳል፤ ቲ-55 አያነሳም፣ ለአየር ወለድ የተሠራ ቀላል ብረት ለበስና መድፍ ግን ያነሳል። በሄሊኮፕተሩ ተራራውን አሻግረው ከጠላት ጀርባ አወረዷቸው። ጅጅጋ የካቲት 26 ተያዘች።

ጎንደሬው

አንድ ያልገባኝ ነገር፤ የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ በሶቭየት መሣሪያ እየተዋጋ ሶቭየትን እንዴት ያባርራል? ጥይቱን ከማን ሊያገኝ ነበር?

ቁልፍ 13

የክሩ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው ባይ ነኝ። ሰውየው እብድ አልነበረም። ቃል ተገብቶለት ነበር፣ ወይም ቃል የተገባለት መስሎት ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1969 ዋሽንግተን ለሶማሊያ «የመከላከያ» መሣሪያ ለመስጠት በመርህ ደረጃ መስማማቷን አስታወቀች። እንግሊዝና ፈረንሳይም ተመሳሳይ ነገር አሉ። «በመርህ ደረጃ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ዲፕሎማት ሲላት «ገና አልወሰንኩም» ማለቱ ነው፤ ሞቃዲሾ ግን «እሺ» ብሎ ሰማት። መደበኛው ጦር ኦጋዴን ውስጥ መሆኑ ሲረጋገጥ በነሐሴ ሁሉም ሸሹ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1956 ካይሮ ላይ ያጸደቀው የድንበር ውሳኔ ነበራ፤ ቅኝ ገዢ ያሰመረውን ድንበር በጉልበት የሚለውጥን አገር ማስታጠቅ ማለት ኬንያን ጨምሮ አፍሪካን ሁሉ ማስከፋት ነው።

ጥቅምት 9 ቀን 1970 የሶቭየቱ አምባሳደር ራታኖቭ አዲስ አበባ ላይ ለሶማሊያ መሣሪያ መላክ መቆሙን በይፋ ተናገረ። ኅዳር 4 ዚያድ ባሬ ውሉን ቀዶ አማካሪዎቹን አባረረ፣ ሶቭየቶች ይጠቀሙበት የነበረውን የበርበራን ወደብ ዘጋባቸው። ከዚያ ተተኪ ፍለጋ።

የአረብ ገንዘብ ነበር። ግን ገንዘብ ጥይት አይደለም። ኢራን መስጠት ፈለገች፤ እጇ ላይ ያለው የአሜሪካ ዕቃ ነው፣ በ1968 የወጣው የአሜሪካ የመሣሪያ ሽያጭ ሕግ ደግሞ ተቀባዩ ያለ ፕሬዚዳንቱ ፈቃድ ለሦስተኛ አገር እንዳያስተላልፍ ይከለክላል። ካርተር አልፈቀደም። ግብፅ የሶቭየት ስሪት ጥይት ስላላት በትክክል የሚገጥም ነገር መላክ ቻለች። እሷም በአየር። የካቲት 1970 የኬንያ ተዋጊ ጄቶች መሣሪያ የጫነ የግብፅ ቦይንግ 707 ናይሮቢ ላይ አስገድደው አሳረፉ። ኬንያና ኢትዮጵያ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ የመከላከያ ስምምነት እንዳላቸው አትርሱ።

ምዕራብ ጀርመን ደግሞ ሞቃዲሾ ላይ የተጠለፈው የሉፍታንዛ አውሮፕላን በኮማንዶ ሲለቀቅ ዚያድ ባሬ ስለተባበረ ብድር ሰጠች። ጠለፋው ያበቃው ጥቅምት 8 ነው፣ የራታኖቭ መግለጫ በማግስቱ። ሰውየው በአንድ ቀን ልዩነት አዲስ ወዳጅ ያገኘ መስሎት ዋናውን አጣ።

መዝገብ አገላባጭ

ቁልፍ 13 የዘለለው አንድ ነገር አለ፤ የኤደኑ ስብሰባ። መጋቢት 7 ቀን 1969 ካስትሮ መንግሥቱንና ዚያድ ባሬን ከደቡብ የመኑ ሳሊም ሩባይ አሊ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሶሻሊስት ፌዴሬሽን ሐሳብ አቀረበ። ዚያድ ባሬ «መጀመሪያ ኦጋዴን» አለ። ካስትሮ ከዚያ ወዲያ አቋሙን ለየ። ዚያድ ባሬ መሣሪያ አቅራቢውን ያጣው ከኤደን ጀምሮ ነው፣ ኅዳር ላይ ወረቀቱ ብቻ ነው የተቀደደው።

ብረት ምጣድ

እዚህ ላይ አልስማማም። ሞስኮ ከኤደን በኋላም ሁለቱን ለማቀፍ ስትሞክር ነበር፤ ለሶማሊያ የምትልከውን እስከ ነሐሴ ድረስ ፈጽማ አልቆረጠችም። በርበራን ማጣት አልፈለገችም። ለጥቂት ወራት የአንዱ ፋብሪካ ጥይት በሁለቱም በኩል ተተኩሷል።

መዝገብ አገላባጭ

የጭነቱ ነገር ልክ ነህ። እኔ ያልኩት የፖለቲካውን ነው።

ሰገነት

የመጨረሻ ጥያቄ። ጅጅጋ ከተያዘች በኋላ ጦሩ ለምን ድንበሩን አልፎ ሶማሊያ ውስጥ ወዳለችው ሐርጌሳ አልቀጠለም? የፔትሮቭ ጦር ሙሉ ነው፣ ሶማሊያ ጥይት የላትም።

ቁልፍ 13

ቃል ተሰጥቶ ስለነበር። በየካቲት 1970 የካርተር የጸጥታ ምክትል አማካሪ ዴቪድ አሮን አዲስ አበባ መጥቶ መንግሥቱን አነጋገረ፤ ኢትዮጵያ ድንበሩን እንደማትሻገር ማረጋገጫ ይዞ ተመለሰ። ሞስኮም ይሄንኑ ለአሜሪካኖቹ ብላ ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ በዚያው ሰሞን የካርተር የጸጥታ አማካሪ ብሬዚንስኪ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ አካባቢው ይላክ ሲል ቫንስና የመከላከያው ሃሮልድ ብራውን ተቃወሙት። ድንበሩ ቢታለፍ ብሬዚንስኪ ይረታ ነበር፤ የኢራኑ ሻህም ዝም አልልም ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። መንግሥቱ እስከዚያ ያገኘው ሁሉ «የተወረረ አገር» በመባሉ ነው፣ ያን ስም በሐርጌሳ መለወጥ አያዋጣም።

አሰብ መንገድ

ፖለቲካው እንዳለ ሆኖ መንገዱንም እዩት። ከአሰብ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሐረር፣ ከሐረር ጅጅጋ። እያንዳንዱ የነዳጅ በርሜል በዚያ አንድ መስመር ነው የሚመጣው። ኤርትራ ውስጥ ምጽዋ ተከባ፣ አሥመራ ተቆርጣ ጦሩን እየጠበቀች ነው። ዚያድ ባሬ የካቲት 30 ቀን እወጣለሁ ሲል ተሽከርካሪዎቹ ወደ ሰሜን መዞር ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት ክረምትም እዚያው ደርሰዋል።